ስኳር በውኃ ውስጥ እንዴት ይሟሟል? ለምንስ? በወጥ ቤት ሚዛን የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

ሻይ ጠጥተው ሲጨርሱ ከብርጭቆው ሥር የተጋደመ ስኳር የሚያገኙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳብቡት በስኳሩ ብዛት ላይ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ ያለ 100 ግራም ውኃ ወደ 200 ግራም ስኳር ማሟሟት ይችላል፤ ትኩስ ሻይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቀበላል። ሁለትና ሦስት ማንኪያ ለዚህ ውኃ ምንም አይደለም። ስኳሩ ከሥር የቀረው ውኃው ስለጠገበ ሳይሆን ጊዜ ስላላገኘና በቅጡ ስላልተማሰለ ነው።

ስለ መሟሟት የሚፈጠረው ግራ መጋባት አብዛኛው የሚመጣው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ከመቀላቀል ነው። አንዱ «ስንት ይሟሟል?» የሚለው ነው፤ ሌላው «በምን ያህል ፍጥነት ይሟሟል?» የሚለው። ማማሰል ሁለተኛውን ይለውጣል እንጂ የመጀመሪያውን አይነካም። ሙቀት ሁለቱንም ይለውጣል። የስኳሩ ዓይነት በመጀመሪያው ላይ ከፍተኛ ለውጥ ያመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ጥያቄዎች እየለያዩ በእጅ ለመፈተን የተዘጋጁ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ጎናቸው ቀጥ ያለና የሚያሳዩ ሦስት ብርጭቆዎች፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ የሻይ ማጥለያ፣ ትንሽ ድስት፣ ሁለት ኪሎ ያህል ነጭ ስኳር፣ ጥቂት የምግብ ዘይት፣ አንድ ሎሚ እና የጥጥ ክር ያዘጋጁ። ቴርሞሜትር ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም ሥራው አይቆምም። ሚዛኑን ግን አይተዉት። አፉ የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የተቆለለው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ውኃውንም ቢሆን በሚዛን መለካት ይሻላል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ስለሚመዝን ስሌቱ ቀላል ነው። ከሙከራዎቹ አብዛኞቹ የሚጠጣ ወይም የሚበላ ነገር ስለሚያስቀሩ ስኳሩ አይባክንም።

ደረጃ 1፦ ሳያማስሉ ይመልከቱ

በሁለት ብርጭቆዎች 200 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ ይቅዱ። በአንደኛው 10 ግራም ስኳር ከሥር እንዲቀመጥ ዝም ብለው ይጨምሩ። በሁለተኛው ግን ስኳሩን በሻይ ማጥለያው ላይ አድርገው የማጥለያው ሆድ ብቻ ውኃው ውስጥ እንዲገባ ከአፉ ላይ ያሳርፉት። ከብርጭቆዎቹ በስተኋላ መብራት ወይም መስኮት ይኑር።

ከማጥለያው ሥር ቀጫጭን የሚወዛወዙ መስመሮች እየተምዘገዘጉ ወደ ታች ሲወርዱ ይታያሉ። እነዚህ ስኳር የተሸከሙ የውኃ ፍሰቶች ናቸው፤ ብርሃንን ከንጹሕ ውኃ በበለጠ ስለሚሰብሩ ለዓይን ይታያሉ። የማጥለያው ስኳር ማንም ሳያማስለው ቀድሞ ያልቃል። ከሥር የተቀመጠው ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ምክንያቱ ክብደት ነው። ግማሹ ስኳር፣ ግማሹ ውኃ የሆነ ፈሳሽ ከንጹሕ ውኃ በ23 በመቶ ያህል ይከብዳል። ስኳሩ ከላይ ሲሆን የከበደው ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቦታውን አዲስ ውኃ ይይዛል፤ ስኳሩም ሁልጊዜ ያልጠገበ ውኃ ያገኛል። ስኳሩ ከሥር ሲሆን ግን የከበደው ፈሳሽ መሄጃ የለውም፤ ስኳሩን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖት ይተኛል። ከዚያ በኋላ የቀረው መንገድ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ቀስ በቀስ መበታተን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ፍጹም በረጋ ውኃ ውስጥ የስኳር ሞለኪውል አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። አንድን ብርጭቆ ከሥር እስከ አፍ በዚህ መንገድ ማዳረስ የወራት ሥራ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ በሚያማስሉበት ጊዜ ማንኪያውን ከላይ ከላይ ማዞር ብዙ አይጠቅምም። ሥራው ያለው ከሥር ነው፤ የተኛውን ወፍራም ፈሳሽ ወደ ላይ አንሥተው ከቀረው ውኃ ጋር ያገናኙት።

ደረጃ 2፦ ምን እየሆነ እንደሆነ ይረዱ

የምንጠቀምበት ነጭ ስኳር በኬሚስትሪ ስሙ ሱክሮስ ይባላል። እያንዳንዱ ሞለኪውል 12 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጅንና 11 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። በውስጡ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች ተያይዘው ይገኛሉ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር በሞለኪውሉ ዙሪያ ስምንት ቦታ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው መውጣታቸው ነው።

የውኃ ሞለኪውልም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምረት ነው። ጎበጥ ያለ ቅርጽ ስላለው የኦክስጅኑ ወገን በመጠኑ አሉታዊ፣ የሃይድሮጅኖቹ ወገን በመጠኑ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ይይዛል። ስለዚህ የአንዱ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይስባል። ይህ መሳሳብ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። በስኳር ፍሬ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ተደርድረው የሚቆዩት በዋናነት በዚሁ ትስስር ነው፤ ውኃን ውኃ አድርጎ የሚያቆየውም ይኸው ነው። ስኳር ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው ከፍሬው ገጽ ላይ ያሉትን ሞለኪውሎች ከብዙ አቅጣጫ ይስባል፤ የስኳር ለስኳር ትስስር ይፈታና በስኳርና በውኃ ትስስር ይተካል። ሞለኪውሉ ተላቆ በውኃ ተከብቦ ይሄዳል።

ልብ ይበሉ፤ ሞለኪውሉ ራሱ አልተሰበረም። ጨው ሲሟሟ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ባሕርይ የያዙ ቅንጣቶች) ይለያያሉ፤ የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር ግን ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ ይቀራል፤ ውኃውን በቀስታ ቢያተኑት ያው ስኳር ተመልሶ ይገኛል።

ዘይት ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። በሦስተኛው ብርጭቆ ጥቂት ዘይት አድርገው አንድ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩና እንደፈለጉ ያማስሉ። ስኳሩ ተመልሶ ከሥር ይቀመጣል። የዘይት ሞለኪውል በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ስለሆነ ለስኳሩ ስምንት እጆች የሚዘረጋው ነገር የለውም። ዘይቱን ቢያሞቁትም አይሟሟም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ አለ። ስኳር ሲሟሟ ሙቀት አይሰጥም፤ እንዲያውም በትንሹ ይወስዳል። 100 ግራም ስኳር በ100 ግራም ውኃ ውስጥ በፍጥነት ቢያማስሉ ስሜቱ ጥሩ የሆነ ቴርሞሜትር ትንሽ ቅዝቃዜ ያሳያል። ታዲያ ጉልበት የሚያስወጣ ከሆነ ለምን በራሱ ይሟሟል? መልሱ ያለው በመበታተን ውስጥ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ለመስቀል የተሰለፉ ተማሪዎች በመስመራቸው ሊቆሙ የሚችሉበት መንገድ ጥቂት ነው፤ ሰልፉ ተፈትቶ በሜዳው ላይ ሊበታተኑ የሚችሉበት መንገድ ግን ተቆጥሮ አያልቅም። ሁሉም እንዳሻቸው ሲንቀሳቀሱ ሰልፉ በአጋጣሚ ተመልሶ አይገኝም። የስኳር ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው። የትስስሩ ሒሳብ ኪሳራው ጥቂት ስለሆነ የመበታተኑ ዕድል ያሸንፋል።

ደረጃ 3፦ ፍጥነቱን ይቆጣጠሩ

ፍጥነትን የሚወስኑት የፍሬው ስፋት፣ ሙቀትና እንቅስቃሴ ናቸው። ስለ እንቅስቃሴ በደረጃ 1 ስላየን ወደ ሌሎቹ እንለፍ።

መሟሟት የሚካሄደው በፍሬው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ፍሬ ጎናቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ቢፈጭ 1,000 ፍሬ ይወጣዋል፤ ጠቅላላ ገጹም 10 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለቀዝቃዛ ጭማቂ ስኳሩን በሙቀጫ ወይም በመፍጫ ማድቀቅ ያዋጣል። ነገር ግን የደቀቀውን ስኳር በአንድ ጊዜ ከደፉት ይጓጉላል፤ የውጪው ክፍል ወዲያው ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ የውስጡን ደረቅ ስኳር ያሽገዋል። እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ይበትኑት።

ሙቀት በሁለት መንገድ ይረዳል። ሞለኪውሎቹ በበለጠ ኃይል ስለሚንቀሳቀሱ ከፍሬው ገጽ ቶሎ ይላቀቃሉ። ውኃውም ራሱ ይቀጥናል፤ የ80 ዲግሪ ውኃ ዝልግልግነት ከ20 ዲግሪው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ የተላቀቀው ስኳር ቶሎ ይርቃል።

ማር በዚህ ረገድ ለየት ይላል። ማር ራሱ አስቀድሞ የተሟሟ ስኳር ነው፤ ከክብደቱ 18 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ብርዝ ሲበጠበጥ ወይም ጠጅ ሲጣል የሚያስቸግረው መሟሟቱ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ማሩን ሙሉ ውኃ ውስጥ መጣል ልፋት ያበዛል፤ ከሥር ይተኛና በደረጃ 1 ያየነው ነገር ይደገማል። ይልቁንም ለብ ያለ ጥቂት ውኃ ማሩ ላይ ጨምረው እስኪቀጥን ያሹት፤ ከዚያ የቀረውን ውኃ እያማሰሉ ይጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ምን ያህል እንደሚሟሟ ይለኩ

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ሰዎችን የሚያስገርመው ሙከራ ነው። ቀጥ ባለ ብርጭቆ 100 ግራም ውኃ አድርገው ከፍታውን በውጪ በኩል ምልክት ያድርጉ። 50 ግራም ስኳር ጨምረው እስኪጠፋ ያማስሉ። እንደገና 50 ግራም። እንደገና።

በመጀመሪያ የሚያስተውሉት የፈሳሹን ከፍታ ነው። ስኳር በውኃ ሞለኪውሎች መካከል ባለው ክፍተት ስለሚገባ የፈሳሹ ይዘት አይጨምርም የሚል ትምህርት ብዙዎች ሰምተዋል። ምልክቱ ይህን ያስተባብላል። 100 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘው ፈሳሽ 162 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። የጠፋው በስኳሩ ፍሬዎች መካከል የነበረው አየር እንጂ የስኳሩ ቦታ አይደለም።

150 ግራም ካለፉ በኋላ ሥራው ይከብዳል። ፈሳሹ ይወፍራል፤ የሚጨመረው ስኳርም ቶሎ አይጠፋም። ውኃው ወደ ጥጋቡ በቀረበ መጠን ከፍሬው በሚላቀቁትና ተመልሰው በሚለጠፉት ሞለኪውሎች መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ግራሞች ከመጀመሪያዎቹ 100 ግራሞች በላይ ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። ተስፋ አይቁረጡ፤ ብርጭቆውን ከድነው አልፎ አልፎ እያማሰሉ እስከ ማግስቱ ያቆዩት። ወደ 200 ግራም ሲደርስ በእርግጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላም መላቀቅና መለጠፉ ይቀጥላል፤ እኩል ስለሆኑ ብቻ ለውጥ አይታይም።

በዚህ በጠገበ ሙሙት (ስኳር የተሟሟበት ውኃ) ውስጥ ለአንድ የስኳር ሞለኪውል የሚደርሱት የውኃ ሞለኪውሎች ዘጠኝ ወይም ዐሥር ብቻ ናቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ሲሆን ግን ለአንዱ ስኳር 950 ያህል ውኃ ይደርሰዋል። የወፍራሙ ፈሳሽ ዝልግልግነት ከዚህ ይመጣል፤ የውኃው አብዛኛው ክፍል በስኳር ተይዟል፤ እንደልቡ የሚፈስ ውኃ የለም ማለት ይቻላል።

ሙቀት ሲጨምር አቅሙም ያድጋል። መሟሟቱ ሙቀት የሚወስድ ስለሆነ ሙቀት ሲሰጠው ይበረታል። ለ100 ግራም ውኃ በ0 ዲግሪ 180፣ በ50 ዲግሪ 260፣ በ80 ዲግሪ 360፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ 490 ግራም ያህል ሱክሮስ ይሟሟል።

ሌሎች ስኳሮች የራሳቸው አቅም አላቸው። በ25 ዲግሪ 100 ግራም ውኃ ግሉኮስን 90 ግራም ያህል፣ የወተት ስኳር የሆነውን ላክቶስን 20 ግራም ያህል ብቻ ሲያሟሟ፣ ፍሩክቶስን ግን ከውኃው ክብደት አራት እጥፍ ገደማ ይቀበላል። ሁሉም ውኃን የሚስቡ እጆች አሏቸው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሞለኪውሎቹ በክሪስታል (በሥርዓት ተደርድረው በሠሩት ጠጣር ፍሬ) ውስጥ እርስ በርሳቸው ምን ያህል ተመቻችተው ይያያዛሉ ከሚለው ነው።

ማር የሚረጋበት ምስጢርም ይኸው ነው። በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ያ ጥቂት ውኃ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ክሪስታል እየሆነ ይወጣል፤ ፍሩክቶሱ ግን ተሟሙቶ ይቀራል። የትግራይ ነጭ ማር ጥጥ መስሎ የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ማር ስለረጋ ብቻ ስኳር ተጨምሮበታል ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም። ማርን ውኃ ውስጥ ጠብ አድርጎ ሳይበተን ከሥር ከተቀመጠ ንጹሕ ነው የሚለውም ፈተና አያስተማምንም፤ በደረጃ 1 እንዳየነው ወፍራም የስኳር ፈሳሽም እንዲሁ ከሥር ይተኛል። የረጋውን ማር ለማፍታታት ማሰሮውን ወይም ጠርሙሱን 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሞ መታገሥ ይበቃል፤ እሳት ላይ መጣድ መዓዛውን ያጠፋዋል።

ደረጃ 5፦ እውቀቱን ወደ ሽሮፕ ይለውጡ

ለጭማቂና ለቀዝቃዛ ሻይ የሚሆነው ቀጭኑ ሽሮፕ ነው፦ 500 ግራም ስኳር በ500 ግራም ውኃ። ውኃውን አሙቀው ከእሳት ያውርዱ፤ ስኳሩን ጨምረው ፈሳሹ ጥርት እስኪል ያማስሉ። ማፍላት አያስፈልግም። በንጹሕ ጠርሙስ አድርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሻጋታ ስለሚያገኘው በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ቢጠቀሙበት ይመረጣል።

ወፍራሙ 1 ኪሎ ስኳር በ500 ግራም ውኃ ነው። ለባቅላቫና ለሙሸበክ የሚስማማው ይህ ነው፤ ሻጋታንም በደንብ ይቋቋማል። ግን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ያስታውሱ፤ ይህ ሽሮፕ በ20 ዲግሪ ልክ በጥጋቡ ላይ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ የውኃው አቅም ከ100 ለ200 ወደ 100 ለ180 ገደማ ስለሚወርድ ትርፉ ከጠርሙሱ ሥር ክሪስታል ሆኖ ይጠራቀማል። እየፈላ ውኃው ቢተንም ያው ነገር ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ስኳሩን ወደ 850 ግራም መቀነስ ነው። ሌላው በጥቂት የሎሚ ጭማቂ ለአጭር ጊዜ ማፍላት ነው፤ አሲድና ሙቀት የተወሰነውን ሱክሮስ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰብሩታል፤ ቅርጻቸው የተለያየ ሞለኪውሎች ሲቀላቀሉም የክሪስታሉ ድርድር ይበላሻል። የጣፋጭ ሠሪዎች የሎሚ ጠብታ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

በተጨማሪ የደጋ ነዋሪዎች ይህን ልብ ይበሉ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በውጭ አገር የተጻፈ የጣፋጭ አሠራር «ሽሮፑ 114 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ» ቢል፣ ያ ቁጥር በባሕር ዳርቻ ከፍታ የተለካ ነው። አዲስ አበባ ላይ 8 ዲግሪ ያህል ቀንሰው በ106 አካባቢ ካላወረዱት ከታሰበው በላይ ውኃ ይተናል፤ ጣፋጩም ይደርቃል።

ደረጃ 6፦ መንገዱን ወደ ኋላ ይሂዱ

በድስት 200 ግራም ውኃና 600 ግራም ስኳር አድርገው አንድም ፍሬ እስከማይቀር ድረስ እያማሰሉ ያሙቁ። ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ገልብጠው ይቀዝቅዝ። በ20 ዲግሪ ይህ ውኃ መያዝ የሚገባው 400 ግራም ብቻ ነው፤ ሆኖም 600ውን ተሸክሞ ጥርት ብሎ ሊቆም ይችላል። ሞለኪውሎቹ ለመውጣት መነሻ የሚሆን ድርድር ይፈልጋሉ። የጥጥ ክር አርጥበው ስኳር ላይ አንከባልለው ያድርቁት፤ ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ ከእርሳስ ወይም ከእንጨት ላይ አስረው ከሥሩ ሳይነካ ያንጠልጥሉት። ትኩስ እያለ ካስገቡት ክሩ ላይ ያለው ስኳር ይሟሟና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ብርጭቆውን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ሳይነቀንቁ ለአንድ ሳምንት ያህል ይተዉት፤ ክሩ ላይ ጠርዛቸው የተሳለ ፍሬዎች ያድጋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ የነበረውም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው። የሸንኮራ ጭማቂ ይጣራና ውኃው እየተነነ ይወፍራል፤ ከዚያ ደቃቅ የስኳር ዱቄት እንደ ዘር ይጨመርበታል። ማብሰያው አየሩ የተሳበ ስለሆነ ፈሳሹ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በዚህም ስኳሩ ሳይከስልና ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሳይሰበር ክሪስታል ይሆናል። እምቢ ብሎ የሚቀረው ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ነው።

በቤትዎ ሙከራ ክሪስታሉ ከክሩ ይልቅ በብርጭቆው ሥርና በፈሳሹ ገጽ ላይ ከበዛ፣ ያልሟሟ ፍሬ ወይም አቧራ ገብቶበታል ማለት ነው። ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሰው ትንሽ ውኃ ይጨምሩበትና እስኪጠራ ያሙቁት፤ ብርጭቆውን በፈላ ውኃ አለቅልቀው በአዲስ ክር ይጀምሩ።